ጀበናውን ማን ሠራው?

መቀሌ ውስጥ ከማለዳ እስከ ምሽት የሚፈላውን ቡና ቆጥሮ የሚዘልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየቤቱ፣ በየሱቁ በረንዳ፣ በየመንገዱ ዳር ጀበና ይጣዳል። «ቡናው የሐረር ነው»፣ «የለም የጅማ ነው» እያለ የሚከራከር ጠጪ ሞልቷል። ያፈላችው ልጅ ትመሰገናለች፣ ትመረቃለች። ስኒው ቢቀየር እንኳ «ምነው ያ ስኒ የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። «ጀበናውን ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ ገጥሞኝ አያውቅም።

እንጀራውም ያው ነው። «የሸክላ ምጣድ ዘመኑ አልፎበታል፣ አሁን ያለነው በኤሌክትሪክ ዘመን ነው» እንላለን። እስቲ በየቤታችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ልብ ብላችሁ እዩት። ሊጡ የሚፈስበት ገጽ ሸክላ ነው። የሚግለው ሽቦ የተቀበረውም እዚያው ሸክላ ሥር በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ ትግራይ ውስጥ መብራት በጠፋባቸው ወራት ሽቦው ሥራ ፈታ። የድሮው መጎጎ ግን በእንጨት እየነደደ የተገኘውን ጋገረ። ዘመናዊ ነን ባልንበትም ጊዜ፣ ዘመናዊነቱ ጥሎን በሄደበትም ጊዜ የበላነው ከሸክላ ላይ ነው። ሸክላው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ አንዲት ሴት አፈሩን ቆፍራ፣ ተሸክማ፣ አቡክታ፣ ቅርጽ አውጥታ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ያመጣችው ነው።

ይህን የማነሣው ስለ ዕቃ ላወጋችሁ ፈልጌ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ጥያቄ ሌላ ነው። የሰውን ሥራ እየወደዱ፣ እየበሉበትና እየጠጡበት፣ ሠሪውን መናቅ እንዴት ይቻላል? አንድ ሰው ሁለቱን ባንድ ልብ ሲይዝ አይጋጩበትም?

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። ግዕዝ «ጠቢብ» ሲል ዐዋቂ፣ አስተዋይ፣ ጥበበኛ ማለቱ ነው። ንጉሥ ሰሎሞንን ጠቢቡ ሰሎሞን የምንለው በዚህ ቃል ነው። ያው ቃል በአማርኛ አፍ ላይ ትንሽ ለስልሶ «ጠይብ» ሲሆን ግን ስድብ ሆነ። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ጠይብ ናት፤ ጠይብ ከሆኑ ደግሞ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ልብ በሉ፤ የሰደብናቸው ምንም አያውቁም ብለን አይደለም። ያወቁት እኛ የማናውቀውን ስለሆነ ነው። ጭቃ እሳት ገብቶ ድንጋይ ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው «ይህች ሴት ይህንን ካደረገች ሌላስ ምን ታደርግ ይሆን?» ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ሲውል ሲያድር ንቀት ወለደ። ይህ የተጻፈው ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ከአፈር ተበጀ ብሎ በሚያምን አገር ነው። አዳምን ከጭቃ ያበጀው እጅ ይመለካል፤ ከጭቃ ጀበና ያበጀችው እጅ ግን ታስፈራለች።

«ይህ የድሮ ወሬ ነው፣ ከተማ ውስጥ ማን እንዲህ ያስባል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እኔም እንዲያ ቢሆን እወድ ነበር። አንድ ሰኞ መቀሌ ገበያ ወጥቼ ሸክላ ከተዘረጋበት ቆምኩ። በአማርኛ እንስራ የምንለው ዕትሮ፣ የወጥ ድስቱ ጻሕሊ፣ የዕጣን ማጨሻው፣ ጀበናው በየዓይነቱ ተደርድሯል። ዕቃዎቹን ይዘው የተቀመጡት ሴት በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። አንድ ጀበና አንሥቼ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ድምፁ እንደ ደወል ጥርት ያለ፣ ስንጥቅ የሌለበት ነው።

«አደይ፣ እጅዎን ይባርከው። እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«አይደለሁም፣ ወደይ። ገዝቼ ነው የምሸጠው።»

ሲመልሱልኝ እጃቸውን አየሁት። ጥፍራቸው ሥር የደረቀ ጭቃ አለ። የጣቶቻቸው ጫፍ እርጥብ ሸክላ ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ጣት ነው። አላስጨነቅኋቸውም። «እንግዲያው የሠራችው ሰው ጎበዝ ናት» አልኩ። ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው «ጎበዝ ናት ይላሉ» አሉና ዋጋውን ነገሩኝ።

ብዙ ዓይነት ድህነት አይቻለሁ። የሠሩትን መካድ የሚያስገድድ ድህነት ግን ከሁሉም የከፋ ሆኖ ታየኝ። ሌባ የሰረቀውን ቢክድ ይገባናል። የሠራችውን የምትክድ ባለሙያ ምን አጥፍታ ነው? ነገሩ የአንዲት ሴት ዓይን አፋርነት ነው እንዳንል ደግሞ ምስክር አለ። ዳያን ላየንስ የተባለች ካናዳ ያስተማረች የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ትግራይ ውስጥ በሸክላ ሠሪ ሴቶች ላይ ጥናት አድርጋ፣ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ጽሑፍ አሳትማ ነበር። ለጽሑፉ የተሰጠው ርዕስ «እኔ ክፉ አይደለሁም» የሚል ትርጉም አለው። ስለ ጭቃና ስለ እሳት የሚያጠና ምሁር ለሥራው እንዲህ ያለ ርዕስ መስጠቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ሙያው ደግሞ የትናንት አይደለም። ከጥንታዊት አክሱም መቃብሮች ከወጡት ሸክላዎች መካከል አንገታቸው በሴት ራስ አምሳል የተቀረጸ ጠርሙስ መሰል ማሰሮዎች አሉ። የተቀረጸው የፀጉር አሠራር የዛሬዋን የትግራይ ሴት ሹሩባ ያስታውሳል። ከሺህ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ የጎረቤቱን ሹሩባ በጭቃ ላይ አስፍሯል ማለት ነው። ያንን ማሰሮ ዛሬ ብናገኘው መስታወት ውስጥ አስገብተን፣ መብራት አብርተን፣ ዘበኛ እናቆምለታለን። የዚያ ሙያ ወራሽ የሆነችው ሴት ግን ገበያ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ «እኔ አልሠራሁትም» ትላለች።

አሁን ወደ ጣልያን ልወስዳችሁ ነው። መቀሌ ጣልያንን በደንብ ታውቀዋለች። በ1888 ዓ.ም. እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ የነበረውን ጦር እቴጌ ጣይቱ ውኃውን አስይዘው በጥም አስወጥተውታል። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ መጣ። ይሁንና መቀሌ ከጠመንጃ ይልቅ መሣሪያ ይዞ የመጣ ጣልያናዊም ታውቃለች። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ቤተ መንግሥት በመሥራት ስሙ የሚነሣው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል አናጢ ነበር። ናሬቲ እጁ የሚሠራ ሰው ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጠይብ ነው። ነገር ግን ማንም ቡዳ አላለውም። ንጉሠ ነገሥቱ አከበሩት፣ ታሪክም ስሙን መዘገበ። ናሬቲ ክብር ይገባዋል። ግን በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ የጠጅ ጋኑን፣ የውኃ ዕትሮውን፣ የወጡን ጻሕሊ የሠሩት ሴቶች ስማቸው ማን ነበር? ባለ እጅ የውጭ ሰው ሲሆን መሐንዲስ፣ የራሳችን ሲሆን ቡዳ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ፋኤንዛ የምትባለውን የጣልያን ከተማ ለማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ከቦሎኛ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በሕዝብ ብዛት ከመቀሌ በእጅጉ የምታንስ፣ ፀጥ ያለች ከተማ ናት። የዓለም ሰው የሚያውቃት ግን በሸክላዋ ነው። ፈረንሳዮች ነጭ ልባስ ያለውን ሸክላ «ፋያንስ» የሚሉት ከዚህችው ከተማ ስም ወስደው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፋኤንዛ ነጫጭ ሳህኖች ከአገር አገር ይፈለጉ ነበር። አሠራሩም ብዙ የሚርቀን አይደለም። ጭቃው ይቦካል፣ በሚሽከረከር ገበታ ላይ ቅርጽ ይይዛል፣ ይተኮሳል። ከዚያ የቆርቆሮ ማዕድን ያለበት ነጭ ልባስ ይነከርና ሥዕል ይሣልበታል፣ ተመልሶ እሳት ይገባል። የእኛዎቹ ያለ ገበታ በእጃቸው ብቻ ክብ አድርገው፣ በለስላሳ ጠጠር አሽተው፣ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ይተኩሱታል። ያለ መሣሪያ እንዲያ ያለ ክብ ማውጣት ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ትንሽ ሱቅ ገብቼ ሳህን ሳይ ባለሱቁ ከእጄ ተቀበለኝና ገለበጠው። ሥዕሉን ያሳየኛል ብዬ ስጠብቅ ጀርባውን ነው ያሳየኝ። እዚያ ላይ በብሩሽ የተጻፈ የሠሪው ስምና የከተማይቱ ስም አለ። ሰውየው ከሥዕሉ ይልቅ በዚያ ስም ነበር የሚኮራው። የመቀሌውን ገበያ ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። አንዱ ጋ ስም የሸቀጡ ዋጋ አካል ነው፤ ሌላው ጋ ስም ከተነገረ ሸቀጡ ሳይሸጥ ይቀራል።

በዚህች ከተማ ጋኤታኖ ባላርዲኒ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ዓለም አቀፍ የሸክላ ሥራ ሙዚየም መሠረተ። ይህን ዓመት ያዙልኝ። በእኛ አቆጣጠር 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ዐፄ ምኒልክ አንድ ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሙያው መስደብን የሚከለክል ነው። እንዲህ ያለ ስድብ ሠራተኛውን ከሥራው እያስሸሸ አገርን እንደሚያደኸይ አመልክተው፣ ከዚያ ወዲያ የሚሳደብ እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። እንግዲህ ባንድ ዓመት ውስጥ ፋኤንዛ ለሸክላ ቤት ሠራች፣ እኛ ደግሞ ለባለ እጅ ክብር ዐዋጅ አወጣን። አጀማመራችን የሚያሳፍር አልነበረም። እንዲያውም የኛው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ እነሱ ዕቃውን ሲያከብሩ እኛ ሰውየውን ለማክበር ተነሥተን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፋኤንዛው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈራረሰ። የከተማይቱ ሰዎች ስብርባሪውን ለቅመው፣ ከዓለም ዙሪያ ዕቃ በስጦታ እየተቀበሉ መልሰው አቆሙት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የሰላም ባህል ምስክር ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ጣልያን በሸክላ የታወቁ ከተሞቿን ሥራና ስም የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። የእኛ ዐዋጅ ቦምብ አልወደቀበትም። ማንም አልሻረውም። ዝም ብሎ ሰው አፍ ላይ ቀለጠ።

ለምን? መልሱን «ኋላ ቀርነት ነው» ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። እኔ ግን ከዚያ የባሰ ነገር ያለበት ይመስለኛል። ንቀቱ የሚጠቅመው ሰው አለ። በቀደመው ዘመን ባለ እጁ በአብዛኛው ርስት የለውም ነበር። መሬት የሌለው ሰው እህል የሚያገኘው የሠራውን ሸጦ ብቻ ነው። ቡዳ ነው የተባለ ሰው ደግሞ «ይህ ዋጋ አይበቃኝም» ብሎ ሊከራከር አይችልም፤ ከተከራከረ ዓይኑን ጣለብኝ ይባላል። ስለዚህ ተረቱ አጥር ሆኖ አገለገለ። ባለ እጁን ከመሬት አገደው፣ ከጋብቻ አገደው፣ ዕቃውን ግን በርካሽ አሳለፈው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ባለ ርስትነትን አፍርሶ መሬቱን ሲያከፋፍል የአጥሩ አንድ ወገን ተነቀለ። የጋብቻውና የዋጋው ወገን ግን እንደቆመ ነው።

ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን አስቡ። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ጎረቤታቸውን ሲያገለግሉ ኖሩ። ጎረቤትም ቀን ማረሻና ማሰሮ ገዝቷቸው ማታ «ጅብ ይሆናሉ» እያለ በሩን ይዘጋባቸው ነበር። ከዚያ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ መንደሪቱ በቱሪስቶች መጽሐፍ ውስጥ በሸክላዋ ትጠራለች። ሰው ሲሄድ ሥራው ቅርስ ይባላል። እኔን የሚያሰጋኝ የትግራይም፣ የቀጨኔም፣ የሌላውም ሸክላ ሠሪ ዕጣ ይኸው እንዳይሆን ነው። ሠሪዎቹ አልቀው ወይ ሙያቸውን ሸሽተው ከጠፉ በኋላ ሙዚየም ከፍተን፣ ሪባን ቆርጠን፣ ስለ ባህላችን ንግግር እንዳናደርግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታመን አለበት። ሸክላ ስለሆነ ብቻ ሁሉ ይኑር የሚል ሰው አይደለሁም። ቢጫው ጀሪካን ዕትሮን ከገበያ ሲያስወጣ የብዙ እናቶች ጀርባ አርፏል። ባዶውን እንኳ የሚከብድ ዕትሮ ውኃ ሞልታ አቀበት ስትወጣ የኖረችን ሴት «ባህልሽን ለምን ተውሽ?» የሚላት ሰው ቢኖር መጀመሪያ እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ተሸክሞ ይሞክረው። ደግሞም ልጇ ሐኪም እንድትሆንላት የምትሻ ሸክላ ሠሪ መብቷ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ የግድ ሸክላ ሠሪ ትሁን ማለትም ሌላ አጥር ነው። የምለው ግልጽ ነው። አንዲት ሴት ሸክላን የምትተወው የተሻለ ስላገኘች ከሆነ መልካም ነው። የምትተወው ስድቡን መሸከም ስላቃታት ከሆነ ግን ያባረርናት እኛ ነን።

በከተማ ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን መልክ ያለው ንቀት አለን። ጠይብ አንልም፤ እሱስ ነውር መሆኑን ተምረናል። ካፌ ገብተን ማኪያቶ ስንጠጣ የተባልነውን ያለ ቃል ከፍለን እንወጣለን። ጀበና ልንገዛ ስንሄድ ግን «ይህ ጭቃ እኮ ነው፣ ምን ያወጣል?» ብለን እንከራከራለን። ማኪያቶው በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ጀበናው ካልተሰበረ ዓመታት ያገለግለናል። ጭቃ ነው ያልነው ዕቃ ቆፍሮ፣ ማድረቅና መተኮስ ያለበት፣ አንድ የዝናብ ጠብታ ወይ አንድ ያልታሰበ ነፋስ የስንት ቀን ድካም የሚያፈርስበት ሥራ ነው። ጭቃማ ከሆነ መንገዱ ሞልቶታል፤ ለምን እዚያው አንሥተን ቡና አናፈላበትም?

የፋኤንዛን ዓይነት ሙዚየም መቀሌ ውስጥ ማየት እወዳለሁ። ብዙ የጠፋባት፣ ብዙ የምትጠግነው ያላት ከተማ መሆኗን ሳልረሳ ነው ይህን የምለው። ፋኤንዛም የጠገነችው ከፍርስራሽ ነው። ነገር ግን ሙዚየሙ ከመምጣቱ በፊት ሊደረግ የሚችል፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ነገር አለ። የሠሪዋ ምልክት ከጀበናው ሥር ይቀመጥ። ስሟን መጻፍ ባትችል የራሷ የሆነ ጭረት ታኑርበት፤ ጭቃው እርጥብ እያለ በጥፍር የሚሠራ ነው። ገዢውም ያንን ምልክት አይቶ «የእሷን ነው የምፈልገው» ማለት ይልመድ። ስም ያለው ዕቃ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለው ዕቃ ሠሪውን ቀና ብሎ ያስኬደዋል።

ይህም ሆኖ ምልክቱም ዋጋውም ዳር ዳሩን ነው። የነገሩ ልብ ያለው እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ነው። ዐዋጅ የማይገባበት፣ ዘበኛ የማይቆምበት ቦታ እሱ ነውና። ለልጃችሁ ሽማግሌ ተላከ እንበል። ልጁ የተማረ፣ ጨዋ፣ ሥራ ያለው ነው። ሁሉም ተጠይቆ ሁሉም ተመለሰ። በመጨረሻ አንዷ አክስት «እናቱስ ምን ይሠራሉ?» አለች። ሽማግሌው «ሸክላ ይሠራሉ» አሉ። የዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚወርደውን ዝምታ እስቲ አስቡት። ምን ያህል ይቆያል? ማን ማንን ያያል? ስለ ጥበብ፣ ስለ ባህል፣ ስለ ቅርስ የተናገርነው ሁሉ እውነት ይሁን ውሸት የሚታወቀው በዚያች ዝምታ ርዝመት ነው። ቡናው ደግሞ እስኪፈላ ይጠብቃል።